ቁራኛ፤ ባለገንዘብና ባለዕዳ በአንድ ሰንሰለት

የታመመ ሰው ከመኝታው መነሣት ሲሳነው «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» ይባላል። የማይታመን ሰው በአጠገብ ሲኖር ደግሞ «በዐይን ቁራኛ ጠብቀው» እንባባላለን። እነዚህን ንግግሮች ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን አፍ ሰምተናቸዋል። ነገር ግን ቁራኛ ራሱ ምን እንደ ነበረ ቢጠየቅ፣ በእኛ ዕድሜ ካሉት መካከል መልስ የሚሰጡት ብዙዎች አይደሉም። ቁራኛ የሕመም ቃል አይደለም፤ የዕዳና የሙግት ቃል ነው። ገንዘብ የሚጠይቀውና ገንዘብ የሚጠየቀው ሰው፣ ነገራቸው እስኪቈረጥ ድረስ እጅ ለእጅ በአንድ ሰንሰለት ታስረው አብረው የሚሄዱበት፣ አብረው የሚበሉበትና አብረው የሚያድሩበት የጥንት ሥርዓት ነበረ።

በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ ነገሥታቱና ስለ ጦርነቱ ሌሎች ጓደኞቻችን የሚጽፉ ስለ ሆነ፣ እኛ ስለ ዕዳ ለመጻፍ መረጥን። ከአንኮበር ቤቶች ንጉሥ ያልገባባቸው ብዙ ናቸው፤ ዕዳ ያልገባበት ቤት ግን ያለ አይመስለንም። ወላጆቻችንም ቢሆኑ ይህን ነገር ከእኛ የበለጠ ያውቁታል።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን ሲገዙ ከዋና ዋና መቀመጫዎቻቸው አንዷ ነበረች። ከበታችዋ በሚገኘው በአልዩ አምባ ገበያ የአርጎባ፣ የአፋርና የሐረር ነጋዴዎች ይገናኙ ነበር። በገበያው ቡናው፣ ጨርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ ይቀርባል፤ ሰውም ሳይቀር ይሸጥ ነበር፤ ይህን የመጨረሻውን መደበቅ አይገባም። ከ1831 እስከ 1834 ዓ.ም. በሸዋ የተቀመጠው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ፣ በ1833 ዓ.ም. የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስም ስለዚህ አገርና ስለ ንግዱ በሰፊው ጽፈዋል።

ገበያ ባለበት ብድር አለ። በዚያን ዘመን ትልቁ ገንዘብ የማርያ ቴሬዛ ብር ሲሆን፣ ትንሹ ገንዘብ ከአፋር የጨው ሜዳ ተፈልጦ የሚመጣው አሞሌ ነበር። ብሩ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት የተቀረጸበት ጠንካራ ብር ስለ ሆነ ለማበደር አያስቸግርም። አሞሌው ግን ሌላ ነው። ጨው ነውና የአንኮበር ጉምና የክረምት ዝናብ ያረጥበዋል፤ በእጅ ሲዘዋወር ይሸረፋል፤ የሚመነዘርበትም ዋጋ እንደ መንገዱ ሰላምና እንደ ወቅቱ ከፍና ዝቅ ይላል። እንግዲህ በበጋ ሙሉ አሞሌ ያበደረ ሰው በክረምት የተሸረፈ አሞሌ ሲመለስለት ምን ይላል? ተበዳሪውስ በርካሽ ጊዜ ወስዶ በውድ ጊዜ ክፈል ሲባል? ጠቡ ከክፋት ብቻ የሚመጣ እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ገንዘቡ ራሱ የማይጸና ነበረ።

ጠብ ሲነሣ ዳኛ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ባለገንዘቡ ባለዕዳውን በመንገድ ላይ ካገኘው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያቆመዋል። በዚህ ስም የቆመ ሰው አልፎ መሄድ ነውር ነው። በዚያ የሚያልፍ አንድ ሽማግሌ የመንገድ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሁለቱም በየተራ ቆመው በላ ልበልሃ እያሉ ይሟገታሉ። አገሩም ሙግት ይወድ ነበርና ለመስማት የሚሰበሰበው ሰው ጥቂት አልነበረም። በዚህ ያልረጋ ነገር ወደ ጭቃ ሹሙና ወደ መልከኛው፣ ከዚያም ወደ በላይ ዳኞች እያለ እስከ ንጉሡ ዙፋን ችሎት ይደርሳል።

ቁራኛ የሚመጣው በዚህ መካከል ነው። ባለዕዳው ዋስ ከጠራ በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ዋሱ ስለ እርሱ ይጠየቃልና። ዋስ ያጣ እንደ ሆነ ግን ዳኛው ከከሳሹ ጋር እንዲቆራኝ ያዛል። ቀለል ባለው ነገር የአንዱ ነጠላ ጫፍ ከሌላው ነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጠራል። ከበድ ባለው ነገር የአንዱ ቀኝ እጅ ከሌላው ግራ እጅ ጋር በብረት ሰንሰለት ይታሰራል። ያን ጊዜ በየአውራጃው ወህኒ ቤት አልነበረም፤ እስረኛ የሚጠብቅና የሚቀልብ የመንግሥት ደመወዝተኛም አልነበረም። ስለዚህ የሰውየው ወህኒ ቤት ያበደረው ሰው ራሱ ሆነ። ይህ ሥርዓት እስከ 20ኛው የአውሮፓ መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ይሠራበት ስለ ነበረ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሰንሰለት የታሰሩ ባለገንዘቦችና ባለዕዳዎች በአዲስ አበባ ፎቶግራፍ ተነሥተው በፖስታ ካርድ ታትመዋል። ፎቶግራፉን የሚያይ ሰው ከሁለቱ አበዳሪው የትኛው፣ ተበዳሪው የትኛው እንደ ሆነ መለየት አይችልም።

ይህ ነገር ብዙ አነጋግሮናል። ከእኛ ግማሾቹ ቁራኛ ጭካኔ ብቻ ነው ሲሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ፍትሕ አለበት ብለው ተከራከሩ። ፍትሕ አለበት ያሉት የሚያቀርቡት ምክንያት እንዲህ የሚል ነው። ባለዕዳውን ያሰረ ሰው ራሱንም አስሯል። እርሻው ጾሙን ያድራል፤ ከብቱን የሚያግድለት ያጣል፤ ሌሊት ሲገላበጥ ሰንሰለቱ እርሱንም ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ በጥቂት አሞሌ ምክንያት ሰው ለማሰር የሚቸኩል አይኖርም፤ ከታሰሩም በኋላ ሁለቱም ስምምነትን ይሻሉ። ዕዳ ማስከፈል ዋጋ የሚያስከፍል ሥራ ነው፤ ያም ዋጋ በሁለቱ ላይ እኩል ተጫነ ማለት ነው።

ክርክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰንሰለቱ እኩል ቢሆንም ሰዎቹ እኩል አልነበሩም። ሎሌ ያለው ባለጸጋ በራሱ ፋንታ ሎሌውን ያቆራኛል፤ እርሱ ከቤቱ ሆኖ ጠጁን ይጠጣል። ድኻው ባለዕዳ ግን የሚልከው ሰው የለውም። በዚያም ላይ በሰንሰለት የታሰረ ገበሬ አያርስም፤ የማያርስ ገበሬ ደግሞ ዕዳውን ከምን ይከፍላል? ድኻ ለድኻ ባበደረ ጊዜ ደግሞ ሁለት እርሻ ጾሙን ያድራል። እኛ በመጨረሻ የተስማማነው በዚህ ላይ ነው፤ ቁራኛ ባለዕዳው እንዳይጠፋ ይጠብቅ ነበር እንጂ ዕዳው እንዲከፈል አያደርግም ነበር።

እንዲህ ያለው ሥርዓት የአገራችን ብቻ እንዳይመስለን፣ ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ዓመት ገደማ በ12ቱ ሠሌዳዎች ሕጋቸው የጻፉትን መመልከት ይበቃል። የተፈረደበት ባለዕዳ 30 ቀን ይሰጠዋል፤ በዚህ ካልከፈለ ባለገንዘቡ ወስዶ በሰንሰለት ያስረዋል፤ 60 ቀንም ያቆየዋል። ሕጉ የሰንሰለቱን ክብደት እንኳ ወስኖ ነበር። የራሱ ስንቅ ለሌለው እስረኛ ባለገንዘቡ በየቀኑ ዱቄት እንዲሰጠውም ያዝዛል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የደራሲው የቻርልስ ዲክንስ አባት በ1824 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዕዳ ምክንያት ማርሻልሲ በሚባለው የለንደን እስር ቤት ገብቶ ነበር። ልጁ ያን ጊዜ 12 ዓመቱ ሲሆን በጫማ ቀለም ፋብሪካ ይሠራ ነበር። እንግሊዞች በዕዳ ማሰርን በአብዛኛው የተዉት በ1869 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣ ሕግ ነው፤ ይህም ሐሪስ ከአንኮበር ከተመለሰ ከ25 ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው። ስለዚህ በሣህለ ሥላሴ ዘመን የመጡት እንግዶች በእኛ ሰንሰለት የሚደነቁ ቢሆን፣ የለንደኑ ቁልፍ ገና በኪሳቸው ነበረ።

ስለ ወለድም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአንኮበር ደጋ የሚኖረው ክርስቲያንና በአልዩ አምባ የሚነግደው እስላም በብዙ ነገር ቢለያዩም፣ አራጣ ነውር መሆኑን ግን ሁለቱም ያምናሉ። ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ይከለክላል፤ ቁርኣንም ይከለክላል፤ እንዲያውም ባለዕዳው የተቸገረ እንደ ሆነ እስኪቀናው ድረስ ጊዜ እንዲሰጠው ያዝዛል። በኦሪት ዘዳግም 24ኛ ምዕራፍ ወፍጮ በመያዣ እንዳይወሰድ፣ የድኻም ልብስ በመያዣ የተወሰደ እንደ ሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመለስለት ታዝዟል። ይህን በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ጊዜ ስናነብ የሃይማኖት ነገር ብቻ መስሎን ነበር፤ በኋላ የሕግ መጻሕፍት ስናይ ግን ያው አሳብ በሌላ ቃል ተጽፎ አገኘነው። ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

ክልከላው ግን አራጣን አላጠፋውም፤ ስሙን ብቻ አስለወጠው። አንዱ መንገድ ወለድ አግድ ነው። ገበሬው ብር ተበድሮ መሬቱን ለአበዳሪው ይሰጣል፤ አበዳሪው ዕዳው እስኪመለስ ድረስ አርሶ ይበላል፤ እህሉ በወለድ ፋንታ ሆነ ማለት ነው። ወለድ አልተባለም፤ መሬቱ ግን ስንት ዓመት ይታረሳል? ያን የሚወስነው የተበዳሪው ዕድል ነው። ሁለተኛው መንገድ በክረምት እህል ሰጥቶ በመከር አብዝቶ መቀበል ነው። ክረምት የጐተራ ባዶ ወር ስለ ሆነ እህል ውድ ነው፤ መከር ሲደርስ ይረክሳል። በውድ ተበድሮ በርካሽ የሚከፍል ሰው፣ ወለድ የሚባል ቃል ባይነገርም እንኳ፣ ወለድ ከፍሏል።

ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወልደው፣ ከመቅደላ አምልጠው በ1857 ዓ.ም. የሸዋን ዙፋን ሲይዙ አንኮበር መቀመጫቸው ነበረች። መንግሥቱ ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ትልቁ ችሎትም አብሮ ሄደ፤ ከተማችንም ከዚያ ወዲህ ጸጥ አለች። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ። ቁራኛ ግን ወዲያው አልቀረም። እየቀረ የሄደው ፍርድ ቤቶችና ወህኒ ቤቶች እየተደራጁ ሲመጡ ነው። በ1947 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣው ዐዋጅ የአጥቢያ ዳኞች እስከ 25 ብር የሚደርስ የገንዘብ ክርክር እንዲያዩ ሥልጣን ተሰጣቸው። በመንገድ ዳር ይቀመጥ የነበረው ሽማግሌ ወንበርና መዝገብ አገኘ ማለት ይቻላል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1952 ዓ.ም. በታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግና በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ከዚያ በኋላ ዕዳ በመርሕ የሚጠየቀው ከሰውየው ሰውነት ሳይሆን ከንብረቱ ሆነ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ተዋዋዮች በብድር ላይ በዓመት ከመቶ 12 የሚበልጥ ወለድ መወሰን አይችሉም፤ በጽሑፍ ከዚህ በላይ የተስማሙ እንደ ሆነ ወለዱ ወደ 9 ይወርዳል። ይህ ቅጣት ብልህ ቅጣት ነው፤ ብዙ የተመኘውን ሰው ከተፈቀደለትም ያሳንሰዋልና። ዳኛው የተቸገረውን ባለዕዳ ሁኔታ ተመልክቶ እስከ 6 ወር የሚደርስ የችሮታ ጊዜ ሊሰጠው እንዲችልም ተፈቅዷል። ለባለገንዘቡ ደግሞ ፍርዱን የሚያስፈጽምለት ፍርድ ቤት፣ ንብረቱን በሐራጅ የሚሸጥለት ሹም ተሰጠው። እርሻውን ትቶ ከባለዕዳው ጋር ማደር ቀረለት።

ከላይ እንመለስበታለን ያልነው እዚህ ላይ ነው። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ በፍርድ የማይያዙትን ንብረቶች ሲዘረዝር፣ የባለዕዳውን፣ የሚስቱንና የልጆቹን ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃቸውን፣ አልጋቸውንና የአልጋ ልብሳቸውን አስቀድሞ ያነሣል። ቀጥሎ የሙያውን መሣሪያ፣ ገበሬ የሆነ እንደ ሆነ ለኑሮው የሚያስፈልጉትን ከብቶችና የዘር እህል፣ ለቤተ ሰቡም የ3 ወር ቀለብ ይጨምራል። በቁራኛ ጊዜ የተጠየቀው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ የማያርስ ሰው ከምን ይከፍላል? መልሱ በሕግ ተጻፈ፤ በሬውን ተዉለት፣ አርሶ ይከፍላል የሚል ነው። ይህም ለባለዕዳው ርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ለባለገንዘቡም ጥቅም ነው።

በዚያው ዝርዝር ውስጥ ግን አንድ አሳዛኝ ነገር አለ። ደመወዙ በቀን ከ2 ብር የማይበልጥ ሠራተኛ ደመወዙ በሙሉ አይያዝበትም ይላል። በ1958 ዓ.ም. 2 ብር የድኻ ሠራተኛን ሆድ የሚሞላ ገንዘብ ነበር። ዛሬ በ2 ብር አንድ ዳቦ አይገዛም፤ ስለዚህ አንቀጹ በወረቀት ላይ ቢኖርም የሚጠብቀው ሰው የለም። ከዚህ የተማርነው፣ በቁጥር የተጻፈ ፍትሕ እንደ አሞሌው በዝናብ እንደሚሟሟ ነው። ከሚበልጠው ደመወዝ ሁለት ሦስተኛው እንዳይያዝ የሚለው ደንብ ግን በቁጥር ሳይሆን በእጅ የተከፈለ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ ትርጉሙን አላጣም።

ገበሬው የመንግሥት ባለዕዳ የሆነበት ጊዜም አለ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ይታደል ነበር፤ ዕዳውም የሚሰበሰበው መከር እንደ ገባ ነው። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በአገራችን በቆሎ አምራች ቦታዎች ምርቱ በዝቶ ዋጋው እጅግ ስለ ወደቀ፣ ብዙ ገበሬ እህሉን ሸጦ የማዳበሪያውን ዕዳ መክፈል አቃተው። ዝናቡ ጥሩ ነበር፤ ምርቱም ጥሩ ነበር፤ ዕዳው ግን አልተከፈለም። የአያቶቻችን የእህል ብድር ነገር ተመልሶ የመጣ ይመስላል፤ በአንድ ወር ሁሉም ሰው ሻጭ ከሆነ፣ ዕዳው በአኃዝ ሳይጨምር በኩንታል ይጨምራል። አስከፋዮቹም ከበላይ ትእዛዝ ያለባቸው ሰዎች ስለ ነበሩ፣ ጥቂት ወር ታግሠው ዋጋው እስኪነሣ መጠበቅ አልቻሉም። ደንብ ሲወጣ የመክፈያው ቀን ከወለዱ መጠን ያላነሰ ሊታሰብበት ይገባል የምንለው ስለዚህ ነው።

ስለ ባንኮች ብዙ አንጽፍም፤ ከአንኮበር ገበሬ ይልቅ የከተማውን ነጋዴ ይመለከታልና። ነገር ግን ዐዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት፣ ባለዕዳውን 30 ቀን አስቀድመው በማስጠንቀቅ፣ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቅዷል። ፍርድ ቤት ዓመታት ይፈጅ ስለ ነበረ ባንኮች ምክንያት ነበራቸው፤ የሚያበድሩትም የሕዝብ ተቀማጭ ነው። ሆኖም ከሳሹ ራሱ ሻጭ የሆነበትን ነገር አባቶቻችን በላ ልበልሃ የሌለበት ሙግት ይሉት ነበር ብለን እናስባለን። ሕጉ ይህን በመጠኑ ተመልክቶ፣ ባንኩ የሐራጁን ሥርዓት ሳይከተል ባለዕዳውን ቢጎዳ ኪሣራ እንዲከፍል አድርጓል። በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠርም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን የሚጠብቅ መመሪያ አውጥቷል።

ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በ11ኛው አንቀጹ፣ ማንም ሰው የውል ግዴታውን ለመፈጸም ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። «ስላልቻለ ብቻ» የሚለውን ቃል ልብ ማለት ያስፈልጋል። እያለው የሚደብቀውን ሰው አይጠብቅም፤ ባለገንዘቡም በዚህ አልተበደለም።

አሁን ደግሞ ብድር በስልክ የሚገኝበት ዘመን ደርሷል፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2014 ዓ.ም. ብድር ወደ መስጠት ገባ። አስከፋዩ ከሩቅ ሆኖ በማንኛውም ሰዓት ወደ ሰው ቤት የሚገባበት መንገድ ተከፈተ ማለት ነው። አሜሪካኖች ይህን ችግር ቀድመው ስላዩት፣ በ1977 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ሕግ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅቶች ባለዕዳውን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እንዳይደውሉለት፣ እንዳያስፈራሩትና እንዳይሰድቡት ከልክለዋል። የዚያ ሕግ አንድ ዓላማ በጨዋነት የሚሠሩት ሰብሳቢዎች በማስፈራራት በሚሰበስቡት እንዳይበለጡ መጠበቅ እንደ ሆነ በሕጉ ውስጥ ተጽፏል። አስከፋይ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ደንብ በሌለበት ቦታ ግን ክፉው ይቀድማል።

ወደ አንኮበር ስንመለስ፣ ድኻው ገበሬ መያዣ የሚሆን ቤት የለውም፤ መሬቱንም መሸጥ አይችልም። ስለዚህ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ማለትም በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፀደይ ባንክ የሆነው አብቁተ፣ በክልላችን የሠራበት ዋና መንገድ የቡድን ዋስትና ነበር። ጥቂት ጎረቤታሞች ተሰባስበው አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል፤ አንዱ ካልከፈለ የቀሩት ይጠየቃሉ። በዚህ መንገድ ዋስ የሚጠራው ሰው ያልነበረው ድኻ ዋስ አገኘ፤ ብዙ እናቶችም በግና ዶሮ ገዝተው ልጆቻቸውን አስተማሩ፤ ከእኛ መካከልም የእነዚህ እናቶች ልጆች አሉ። በሌላ በኩል ግን ማስከፈሉ የተቋሙ ሠራተኛ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የጎረቤት ሥራ ሆነ። የብድር ሠራተኛው ገደሉን ወጥቶ ወርዶ ሲመጣ የሚጠይቀው ቡድኑን ነው፤ ያልከፈለችውን ሴት ደጃፍ የምታንኳኳው ግን አብራት ቡና የምትጠጣው ጎረቤቷ ናት። የከፈለችውም ያልከፈለችውም በዚያው መንደር፣ በዚያው ዕድር፣ በዚያው ቡድን ውስጥ እስከሚቀጥለው መከር ድረስ አብረው ይቆያሉ።